አቦል ጀርመን፣ ቶና ካናዳ

ፓስፖርቴ ሁለት ጊዜ ታድሷል፤ ማኅተም ግን አንድም ቀን አላረፈበትም። እንዲህ ያለ ሰው ስለ ውጭ አገር ትምህርት ምን አግብቶት ያወራል የሚል ካለ የእኛን ቤተሰብ አያውቅም። እኛ ዘንድ ስለ አንድ አገር አፍ ሞልቶ ለመናገር የሚያበቃው አገሩን አለማየት ነው። ያየ ሰው ያመነታል፤ «እንደየሰዉ ነው» ይላል። ያላየ ሰው ግን መልሱ ቁርጥ ያለ ነው። እኔም ቁርጥ ያለ መልስ ያጣሁለት አገር እስካሁን አላጋጠመኝም።

ነገሩ የተጀመረው በ2016 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት ነው። የእህቴ ልጅ በአራት ቀን ልዩነት ከሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ለማስተርስ «ተቀብለንሻል» የሚል ደብዳቤ ደረሳት። አንዱ ከጀርመን፣ ከድሬስደን፤ ሌላው ከካናዳ፣ ከሳስካቱን። ደብዳቤዎቹ የመጡት በኢሜይል ስለሆነ እህቴ «ታዲያ ወረቀቱ የታለ?» እያለች ሁለት ቀን እንቅልፍ አጣች። ልጅቷ ጽሕፈት ቤት ሄዳ በከለር አሳትማ ስታመጣላት ነው ነገሩ እውነት የሆነው። እህቴ ሁለቱንም በላስቲክ ሸፍና ከቤቱ ካርታ ጋር አንድ ላይ ቆለፈችባቸው። ከዚያም እሑድ ዕለት ከጀሪካን ውሃ ቀዳች፤ በሰፈራችን የቧንቧ ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ሌሊት ብቻ ነው። ጀበናዋን ጣደች፤ ሰው ጠራች።

ከዚያ እሑድ ጀምሮ ለሦስት ወር ገደማ ከቅዳሴ መልስ ሸንጎ ተቀመጥን። የሸንጎው አባላት እነዚህ ነበሩ፦ እህቴ፣ እኔ፣ የዕድራችን ገንዘብ ያዥ፣ በደርግ ጊዜ ምሥራቅ ጀርመን የተማሩት ጡረተኛ መሐንዲስ ጎረቤታችን፣ በስልክ ደግሞ የቶሮንቶው የአክስቴ ልጅና የፍራንክፈርቱ የአጎቴ ልጅ። የእህቴ ባልም ነበር። እሱ ግን እንደ ልማዱ ስኒውን ይዞ የተጎዘጎዘውን ቄጠማ ሲመለከት ነው የሚውለው። ልጅቷም ነበረች፤ ፈንዲሻ ታዞራለች።

አቦሉ ላይ ጀርመን ያሸንፋል። ምክንያቱ አንድ ነው፤ ትምህርቱ በነፃ ነው። ይህን ስናገር ገንዘብ ያዟ ስኒያቸውን አስቀመጡ።

«በነፃ? ለምን?»

የዕድር ሒሳብ ለዓመታት የያዘ ሰው ነፃ የሚባል ነገር ሲሰማ መጀመሪያ የሚፈልገው የጎደለውን ደረሰኝ ነው። እኔም የማላውቀው ነገር ስለሌለ አስረዳሁ። የጀርመን መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በግብር ከፋዩ ገንዘብ ስለሚተዳደሩ ከውጭ የሚመጣውንም ተማሪ በአብዛኛው የትምህርት ክፍያ አይጠይቁትም። ባደን ቩርተምበርግ የሚባለው ክፍለ አገር በፈረንጆች 2017 ላይ ሐሳቡን ቀይሮ፣ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ እንዲከፍል አድርጓል። ድሬስደን ግን ያለችው ሳክሰን ውስጥ ነው።

«እኔ እስካሁን በነፃ ሲሰጥ ያየሁት ምክር ብቻ ነው» አሉ ገንዘብ ያዟ።

እውነታቸውን ነበር። እኛም በዚያ ሰዓት የምንሰጠው እሱኑ ነው።

መሐንዲሱ ጀርመንን ደግፈው ይናገራሉ፤ ችግሩ የሚናገሩለት ጀርመን አሁን የለም። እሳቸው የሄዱት ላይፕዚግ አንድ ዓመት ቋንቋ አጥንተው ነው። ጊዜው አገር የሚመረጥበት አልነበረም፤ ስም ዝርዝር ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፣ ከስምህ ትይዩ ሞስኮ ወይም ላይፕዚግ ወይም ሃቫና ተጽፎ ታገኛለህ፣ ሻንጣህን ትሸክማለህ። ስለዚህ የእሳቸው ምክር በሙሉ የበርሊን ግንብ ሳይፈርስ የተቀመረ ነው። «ቡና ይዛ ትሂድ፤ እዚያ ቡና ወርቅ ነው» ይላሉ። ባዶ ወሬ ግን አይደለም። በፈረንጆች 1977 የቡና ዋጋ ሲሰቀል ምሥራቅ ጀርመኖች ዶላር አጥሯቸው ከእኛ ጋር ተለዋውጠዋል፤ ከእኛ ቡና ሄደ፣ ከእነሱ የጦር መሣሪያና የጭነት መኪና መጣ። ኢፋ የተባለችውን ጭነት መኪና በዕድሜ ጠና ያለ ሰው ሁሉ ያውቃታል። ቢሆንም ዛሬ ድሬስደን ላይ አንድ ኪሎ ቡና ይዞ መኪና መጠየቅ የሚያስኬድ አይመስለኝም።

ቶናው ላይ ካናዳ ያሸንፋል። ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው። ተምሮ የጨረሰ ሰው እንደ ትምህርቱ ርዝመት እስከ ሦስት ዓመት የሚሠራበት ፈቃድ ያገኛል፤ በጀርመን ግን ሥራ ለመፈለጊያ የሚሰጠው 18 ወር ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቶሮንቶ ዘመድ አለ። የአክስቴ ልጅ በስልኩ ማጉያ «እኔ አለሁላት! እሑድ እሑድ ዳንፎርዝ ወስጄ እንጀራ አበላታለሁ!» ብሎ ሲጮህ እህቴ እንባዋን ጠረገች።

እንባው ሳይደርቅ ልጅቷ ስልኳ ላይ ካርታ አሳየችን። ከቶሮንቶ ሳስካቱን በአየር እንኳ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥተህ ካርቱም እንጀራ በልተህ እንደ መመለስ ማለት ነው። የአክስቴ ልጅ ካናዳ ውስጥ ለዓመታት ኖሮ ይህን ያወቀው ያን ዕለት ነው። «እንዲህ ይርቃል እንዴ?» አለና መስመሩ ተቋረጠ። ከፍራንክፈርት ድሬስደን ግን ከአዲስ አበባ ደሴ ትንሽ ቢበልጥ ነው።

ከዚያ ብርዱ መጣ። ሳስካቱን በጥር ወር ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሲሆን ለነዋሪው ወሬ አይደለም። እህቴ ዲግሪ አትቆጥርም፤ የእሷ መለኪያ ጋቢ ነው። ድሬስደን በአንድ ጋቢ፣ ሳስካቱን በሁለት ጋቢ ተብሎ በቃለ ጉባኤ ሊሰፍር ሲል ገንዘብ ያዟ የሻንጣው ኪሎ ይታሰብ ብለው ተቃወሙ። በርበሬ፣ ሽሮና ቆሎ አስቀድመው ቦታቸውን ይዘዋል። ሁለተኛው ጋቢ ከገባ ሽሮው ይወጣል። ያን እሑድ ስብሰባው በዚሁ ተበተነ።

በረካው ላይ ታሪክ ይነሣል፤ እሱ የእኔ ተራ ነው። ጀርመንን ስትደግፉ፣ አልኳቸው፣ ከእናንተ በፊት የሄደ አለ። አባ ጎርጎርዮስ የሚባሉ የአማራ ሳይንት አካባቢ መነኩሴ በፈረንጆች 1652 ጎታ ከተማ ገብተው ጀርመናዊውን ሊቅ ኢዮብ ሉዶልፍን ስለ አገራችንና ስለ ቋንቋዎቿ አስተምረዋል። ልብ በሉ፣ የሄዱት ሊማሩ አይደለም፣ ሊያስተምሩ ነው። የባንክ ሒሳብ አሳዩ ያላቸው የለም። ጸሐፊው ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ደግሞ በልጅነቱ ምጽዋ ወደብ ላይ መርከብ ውስጥ እንደገባ በዚያው ወደ አውሮፓ መሻገሩ ይነገራል፤ አገሩን የመረጠለት መርከቡ ነው። ካናዳን ስትደግፉ ደግሞ እኛ ካናዳ ሳንሄድ ካናዳ ራሷ መጥታልናለች፤ በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራ ሲጀምር የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ሉሲየን ማት ነበሩ።

«ታዲያ የትኛው ይሻላል ነው የምትለው?» አለች እህቴ።

«ሁለቱም ታሪክ አላቸው» አልኩ። ገንዘብ ያዟ ጀበናውን አነሡት።

የዳያስፖራውን ነገር ልንገራችሁ። የቶሮንቶው የአክስቴ ልጅ ከካርታው በኋላ ባሉት ሳምንታት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለብቻዬ ይደውልልኝ ጀመር። «ስማኝ፣ እህቴን አታስደንግጣት እንጂ ልጅቷን ጀርመን ላካት። እዚህ የቤት ኪራዩ አያድርስ ነው። መንግሥትም የውጭ ተማሪ በዛብኝ ብሎ ቁጥር ወስኗል።» ቁጥር መወሰኑ እውነት ነው፤ በዚያው ዓመት ጥር ላይ የታወጀ ነው። የማስተርስ ተማሪ በዚያ ዓመት ቁጥር ውስጥ እንደማይገባ ልጅቷ ነገረችኝ እንጂ እሱ አልነገረኝም።

በማግሥቱ የፍራንክፈርቱ የአጎቴ ልጅ ይደውላል፤ እሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ስማኝ፣ ካናዳ ላካት። እዚህ ቋንቋው አጥንት ይሰብራል። ነገሩ ሁሉ በፖስታ በሚመጣ ደብዳቤ ነው፤ ደብዳቤው ደግሞ አንድ ቃል አንድ መስመር ይሞላል። እሑድ ሱቅ ዝግ ነው፤ ቅዳሜ ሽንኩርት ያልገዛ እሑድ ወጥ አይሠራም።»

ሁለት ሰው፣ ሁለት አገር፣ እያንዳንዱ ወደ ሌላው አገር ይጠቁማል። ሁለቱን በአንድ መስመር ላገናኛቸውና ይለዋወጡ ብዬ አሰብኩ፤ ሁለቱም ግን ካሉበት የሚነቃነቁ አይደሉም። ሰው የሚኖርበትን አገር በጓዳው ያውቀዋል፤ የማይኖርበትን በፎቶው። የእኔ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ እኔ ሁለቱንም በፎቶ ነው የማውቃቸው፣ ስለዚህ አላዳላም።

ሰኔ ሲገባ ወደ ሒሳቡ ተሻገርን። ጀርመን ትምህርቱን በነፃ ትስጥ እንጂ «ምን እየበላሽ ትማሪያለሽ?» ብላ ትጠይቃለች። መልሱ ብሎክድ አካውንት የሚሉት ነገር ነው። የአንድ ዓመት ወጪ፣ በዚያን ጊዜ 11,208 ዩሮ፣ አስቀድመህ ታስገባለህ፤ ሒሳቡ ይቆለፋል፤ ጀርመን ስትደርስ በወር 934 ዩሮ እየቆነጠረ ይለቅልሃል። ይህን ለገንዘብ ያዟ ማስረዳት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

«ገንዘቡ የማን ነው?»

«የእሷ።»

«በየወሩ የሚሰጣትስ?»

«የራሷን።»

ትንሽ አሰቡና ፊታቸው በራ። «እንዲህ አትለኝም! ዕቁብ ነው። አባሉ አንድ ሰው፣ ዳኛው ባንክ፣ ዕጣው በየወሩ ለዚያው ሰው የሚወጣ።»

ከዚያ የተሻለ ማብራሪያ እስካሁን አልሰማሁም።

ካናዳ ዕቁብ አትጠይቅም፤ የአንደኛውን ዓመት የትምህርት ክፍያ፣ በዚያ ላይ ለኑሮ፣ በዚያን ጊዜ 20,635 የካናዳ ዶላር፣ አሳይ ትላለች። እስከዚያ ዓመት መግቢያ ድረስ ይጠየቅ የነበረው 10,000 ነበር፤ በአንድ ጊዜ ከእጥፍ በላይ አደረጉት። ወረቀት አወጣሁ። በባንክ ምንዛሬ የጀርመኑ ወደ 700 ሺህ ብር ሆነ። የካናዳው፣ ክፍያው ሳይገባ፣ ከ850 ሺህ በላይ። ሁላችንም ዝም አልን። ዝምታውን የሰበረው የእህቴ ባል ነው፤ በሦስት ወር ውስጥ የተናገረው ዓረፍተ ነገር እሱ ብቻ ነበር።

«ዲኤክሷ ጋራዥ ገብታለች» አለ፤ አርፍዶ በእግሩ የመጣበትን ምክንያት ማስረዳቱ ነው። ማንም አልጠየቀውም ነበር። ማንም አልመለሰለትም።

ቀጥሎ ደብዳቤው መጣ፤ ለምን እንደምትማር፣ ተምራ ምን እንደምትሠራ የሚጻፈው። እኔ አረቅቃለሁ አልኩ። ለካናዳ የሚጻፈው ፈተና ነው። ፈቃዱን የሚሰጠው ሰው ትምህርትሽን ስትጨርሺ ከአገሩ እንደምትወጪ ማመን አለበት። ስለዚህ «ተምሬ ወደ ምወዳት አገሬ እመለሳለሁ» ብዬ በሚያምር ቃል ጻፍኩ። እዚያው አጠገቤ ደግሞ እህቴ «እዚያው ወረቀት አግኝታ፣ እዚያው ትዳር ይዛ፣ እኔንም ወስዳ» እያለች ሻማ ስትሳል እሰማለሁ። የእኔ ደብዳቤ ለኤምባሲው ተጻፈ፣ የእሷ ለእመቤታችን። ሁለቱ ደብዳቤዎች አንድ ቦታ ቢገናኙ ልጅቷ የትም አትሄድም ነበር።

ገንዘብ ያዟ መፍትሔ አመጡ፤ «ለሁለቱም ታመልክት፤ የቀደመው ይውሰዳት።»

መሐንዲሱ ባርኔጣቸውን አነሡ። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» አሉ፤ እሱም ለሚቀጥለው እሑድ ተላለፈ።

የሚቀጥለውን እሑድ ስንጠብቅ ሐምሌ 22 ደረሰ። ያን ሰኞ ጠዋት ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተለቀቀ። እስከዚያ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በዕለቱ ከ70 ዘለለ፤ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ሸንጎው በእሑድ ፋንታ ሰኞ ማታ ለአስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። ወረቀቴን አውጥቼ ቁጥሮቹን ሰረዝኩ፤ አዲሶቹን ለመጻፍ እጄ እምቢ አለ። እህቴ ቡና ማፍላት እንኳ ተሳናት። ገንዘብ ያዟ ደረታቸውን ይዘው «አልቀናል፤ አሁን ጀርመንም ካናዳም የሉም» አሉ። መሐንዲሱ ስለ ምሥራቅ ጀርመን ማርክ አንድ ነገር ሊሉ ጀመሩና ተዉት።

ልጅቷ ከወጥ ቤት ገባች። ጀበናውን ያፈላችው እሷ ነበረች።

«ጋሼ፣» አለችኝ፣ «የጀርመኑ ገንዘብ እኮ ከገባ ወር አለፈው።»

ማንም ድምፅ አላሰማም።

«ሰኔ ላይ ነው ባንክ የላከልን። የቪዛ ማመልከቻዬንም አስገብቻለሁ። ለሳስካቱን ይቅርታ ጠይቄ የጻፍኩት ደግሞ ከዚያ በፊት ነው።»

«በምን ገንዘብ?» አለች እህቴ።

ልጅቷ አባቷን አየችው። እሱ ቄጠማውን አየ። ያን ጊዜ ነው ዲኤክሷ ሁለት ወር ሙሉ ምን ዓይነት ጋራዥ ውስጥ እንደቆየች የገባኝ። 18 ዓመት ያሽከረከራት መኪና ናት። ልጁን ትምህርት ቤት ያደረሳት፣ አርባ ምንጭ ልትማር ስትሄድ አውቶቡስ ተራ የሸኛት በእሷው ነው። የዩኒቨርሲቲው ወጪ መጋራት ተከፍሎ ዲግሪው ከነትራንስክሪፕቱ እጇ የገባውም አባት በዚያችው መኪና ማታ ማታ ሰው አሳፍሮ ባገኘው ገንዘብ ነው።

«ታዲያ ለምን አትነግሩንም?» ብዬ ጮህኩ። የተናደድኩት እውነቴን ነው፤ ሦስት ወር ሙሉ ያወጣሁት ሐሳብ ቀላል አይደለም።

«እሑዱ ደስ ይላል ብዬ ነው» አለች። «ሁላችሁም ትመጣላችሁ። ስሄድ የሚናፍቀኝ እሱ ነው።»

በመጨረሻ፣ አንድ ነገር መጠየቅ ያለበት ሰው እኔ እንደሆንኩ ተሰማኝና ጠየቅሁ። «ለመሆኑ ለምን ድሬስደን? ካናዳ ምን አጥፍታ?»

«ካናዳ ምንም አላጠፋችም። ሁለቱም ጋ ትምህርቱ ጥሩ ነው። ለካናዳው ግን አባዬን ሁለት መኪና ማሸጥ ነበረብኝ፤ ያለው ደግሞ አንድ ነው።»

«ትምህርቱ ግን ምንድን ነው?»

ጥያቄው ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ያፈርኩት። ለሦስት ወር ጋቢ ቆጥረናል፣ ኪሎ ለክተናል፣ አባ ጎርጎርዮስን ከጎታ ቀስቅሰናል፤ ልጅቷ ምን ልትማር እንደምትሄድ የጠየቀ ሰው አልነበረም። እህቴ «ኢንጂነሪንግ» ትላለች፤ እኔም «ኢንጂነሪንግ» እላለሁ፤ እሱ በቅቶን ነበር።

«ውሃ ነው ጋሼ» አለችኝ። «የከርሰ ምድር ውሃ።»

ከዚያ ቁጭ ብላ ነገረችን። ድሬስደን ውሃን የምታውቅ ከተማ ናት። በፈረንጆች ነሐሴ 2002 ኤልብ ወንዝ ሞልቶ 9 ሜትር ከ40 ሴንቲ ሜትር ደርሶ ከተማዋን አጥለቅልቋታል። የእኛ ውሃ ደግሞ ከታችም አለ፤ አዲስ አበባም ከአቃቂ ጉድጓዶች ትጠጣለች። ከታች ምን ያህል እንዳለ፣ በየዓመቱ ምን ያህል እንደሚተካ፣ ምን ያህል ቢቀዳ እንደማያልቅ የሚለካ ሰው ያስፈልጋል። ይህን ማሰብ የጀመረችው አሥራ ሁለት ዓመቷ ላይ ነው አለችን፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነሥታ ጀሪካን ቧንቧው ሥር ደቅና ጠብታውን ስትጠብቅ። እኛም ስኒያችንን አየን። በሦስት ወር ውስጥ የጠጣነው አቦል፣ ቶናና በረካ በሙሉ የተፈላው እሷ ሌሊት ተነሥታ በሞላችው ጀሪካን ነው።

መሐንዲሱ የዛፉን ተረት አንሥተው ነበር። ልጅቷ አንዱን ዛፍ ወጥታ ቅርንጫፉ ላይ ከተቀመጠች ቆይታለች፤ ከሥር ሆነን የትኛው ይወጣ እያልን ስንከራከር የነበርነው እኛ ነን።

መስከረም መጨረሻ ላይ ሄደች። የያዘችው አንድ ጋቢ ነው፤ ሽሮው ገብቷል። ድሬስደን በደረሰች በሳምንቷ ስልክ ደውላ ምን ብትል ጥሩ ነው? ማታ ማታ «ጓደኛዬ ጋ ነኝ» እያለች ትወጣ የነበረው ጀርመንኛ ለመማር ኖሯል፤ ዳቦ ቤቱ ውስጥ አፏን ፈትታለች። በወሩ መጀመሪያ ዕቁቧ ወጥቶላታል። ገንዘብ ያዟ ይህን ሲሰሙ እልል አሉ።

ልጅ ያላችሁ ሰዎች፣ ከእኔ ስሕተት አንድ ነገር ውሰዱ። ሁለት ደብዳቤ ይዞ የመጣ ልጅ ፊት ካርታ ከመዘርጋታችሁ በፊት «ምን ልትማር ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ከዚያ ማን እንደሚከፍል ጠይቁ። የቀረው ጋቢ ነው።

እኔማ ትምህርቴን አግኝቻለሁ። የጎረቤታችን ልጅ ሰሞኑን ከኢጣልያና ከሃንጋሪ ደብዳቤ ደርሶታል አሉ። ሁለቱንም አገር አላየኋቸውም። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቡና ተጠርቻለሁ።